ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

«አቤት» የምትለው ቃላችን ሁለት ፊት አላት። የተበደለ ሰው ፍትሕ ሲፈልግ «አቤት!» ይላል፤ ስሙ የተጠራ ሰውም «አቤት!» ብሎ ይመልሳል። ጩኸቱም መልሱም አንድ ቃል ነው። መቼም ቋንቋ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለና፣ ጯሂውና ሰሚው በአንዲት ቃል እንዲገናኙ አድርጓል። ዛሬ ዛሬ ግን የቃሏ አንደኛው ፊት የደበዘዘ ይመስላል። አቤት ባዩ በዝቷል፤ አቤት ብሎ የሚመልሰው አንሷል። በመካከሉም «የሰሚ ያለህ!» የሚል ሌላ ጩኸት ተወልዷል፤ ስለ በደሉ ሳይሆን ስለ ሰሚው መጥፋት የሚጮኽ ጩኸት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጥቃት ስለ ደረሰባቸው፣ ከቤት ስለ ተባረሩ፣ ከስደት ባዶ እጃቸውን ስለ ተመለሱ ሴቶች፣ ለእነርሱም ተብለው ስለ ተቋቋሙ አገልግሎቶች ነው። አገልግሎት የለም አልልም። መጠለያ አለ፤ ነጻ የሕግ ምክር አለ፤ በፖሊስ ጣቢያዎች የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ክፍል አለ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደ ተከፈተው ያለ፣ ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያገናኝ ማዕከልም አለ። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። የሚጎድለን ከሁሉ በላይ ማዳመጥ ነው፤ ማዳመጥም በአገልግሎቱ ላይ የሚጨመር የደግነት ጌጥ ሳይሆን የአገልግሎቱ አከርካሪ ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት አንድ ልብ የሚሰብር እውነት አስፍሯል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ካሉት ሴቶች መካከል እርዳታ የፈለጉት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ እርዳታም አልፈለጉም፤ ለማንም አልተናገሩም። እስቲ ይህን ቁጥር ቀስ ብለን እናንብበው። ለማንም ያልተናገሩ ከሆነ ጥናቱ እንዴት አወቀ? ለጠያቂዋ ስለ ተናገሩ ነዋ! ጥናቱ ይህን ጥያቄ የሚያስጠይቀው በሴት ጠያቂ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ከአንድ ቤት ለአንዲት ሴት ብቻ ነበር። እንግዲህ ለእነዚህ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሰሚ መጠይቅ ይዛ የመጣች እንግዳ ሴት ነበረች ማለት ነው። ምቹ ጥግ፣ ጥቂት ጊዜና «ሌላ ሰው አይሰማሽም» የሚል ማረጋገጫ ሲያገኙ፣ ለዓመታት «ሆድ ይፍጀው» ያሉትን ተናገሩ።

ዝምታቸውን ብዙ ጊዜ በእነርሱ ላይ እናላክካለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ግን ይህን የሚተርተው ማኅበረሰብ ራሱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል። ቃሏ በሌላ ሰው ቃል ካልታሰረ እንደማይጸና ከልጅነቷ ስትሰማ ያደገች ሴት ዝም ብትል ምን ያስደንቃል? በሽታዋን የደበቀችው መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሰጥ አስቀድማ ስላወቀች ሊሆን ይችላል።

እስቲ አንዲት ሴት እናስብ። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ ናት እንበል። አሠሪዋ ደፈራት። ሌሊቱ ሲነጋ በሩን ከፍታ ወጣች። መጀመሪያ የምትነግረው ለጎረቤት ሠራተኛ ነው። ከዚያ ለጣቢያው በር ጠባቂ፣ ከዚያ ለተረኛው ፖሊስ፣ ከዚያ ለመርማሪው፣ ከዚያ ለነርሷ፣ ከዚያ ለሐኪሙ፣ ከዚያ ለዐቃቤ ሕጉ። መጠለያ ካገኘች ለመዝጋቢዋ፣ ቀጥሎ ለአማካሪዋ፣ ወራት ቆይቶም ለችሎቱ። ብትቆጥሩት አሥር ነው። አሥሩም ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትናገር ይፈልጋሉ፤ አሥሩም ለየመዝገባቸው የሚያስፈልገውን ይጠይቃሉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ምስክሩን። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ነገር ግን ከአሥሩ አንዱ እንኳ «አሁን አንቺን የሚያስጨንቅሽ ምንድን ነው?» ብሎ ላይጠይቃት ይችላል። ምናልባት የሚያስጨንቃት ያልተከፈላት የሦስት ወር ደመወዝ ነው። ምናልባት እዚያ ቤት የቀረው ልብሷ ነው። ምናልባት ወሬው አገር ቤት ለአባቷ ይደርስ ይሆን የሚለው ነው። ይህን ያልሰማ አገልግሎት መንገዱን ሁሉ በትክክል ሄዶ ልጅቱን መንገድ ላይ ያጣታል። አንድ ቀን ጠዋት ትጠፋለች፤ በመዝገቡም ላይ «ጉዳይዋን ባለመከታተሏ» ተብሎ ይጻፋል።

በሕግ አማርኛችን «ቃል መስጠት» እና «ቃል መቀበል» የሚባሉ ሁለት ውብ ሐረጎች አሉ። ተበዳይ ቃሏን ትሰጣለች፤ መርማሪ ቃሏን ይቀበላል። አባባሉን አስተውሉት። ቃል እንደ አደራ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነገር ነው። በተግባር ግን የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በሲዳምኛ ወይም በከምባትኛ ያሰበችውን በተሰባበረ አማርኛ ትናገራለች፤ ጸሐፊው በቢሮ አማርኛ ይጽፈዋል፤ ተነቦላት ትፈርማለች፤ ወይም ጣቷን ታሳርፋለች። ከእርሷ የወጣው ቃልና በወረቀቱ ላይ ያረፈው ቃል መንታ አይደሉም። በኋላ በችሎት «ለፖሊስ የሰጠሽው ቃል እንዲህ ይላል» ስትባል ያልሰጠችውን ቃል እንድትጠብቅ ትገደዳለች። ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በአማርኛ አፏን የፈታችውም ብትሆን በቀጥታ አትናገርም። «ጉድ ሆንኩ» ትላለች። «አበላሸኝ» ትላለች። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ያፍነኛል» ትላለች። እዚህ ላይ ነው፣ አንባቢ ሆይ፣ ጉዳዩ እኛን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን በቀጥታ የሚመለከተን። ሰምና ወርቅ የምንወድ ሰዎች አይደለንምን? ኅብረ ቃል ፍለጋ አንድን ስንኝ አሥር ጊዜ የምናገላብጥ፣ «ወርቁ የት አለ?» እያልን የምንከራከር አይደለንምን? የራስ ምታቱ ሰም ነው። ወርቁን የሚያገኘው ቸኩሎ ክኒን ያዘዘው ሳይሆን «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ የጠየቀና መልሱ እስኪመጣ የጠበቀ ነው። ለቅኔ የምንሰጠውን ትዕግሥት ለሰው መንፈጋችን ይገርመኛል።

የሴቶቻችን የቃል ግጥምም ይህንኑ ይመሰክራል። የወፍጮ ላይ እንጉርጉሮ፣ ሙሾው፣ ልጅ ማባበያው ሳይቀር በአማት ላይ፣ በጨካኝ ባል ላይ፣ ያለ ዕድሜ በተፈጸመ ጋብቻ ላይ የቀረበ አቤቱታ የሞላበት ነው። ፎክሎር አጥኚዎች ሰብስበውታል፤ እኛም ውበቱን እናደንቃለን። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚያ ሴቶች ለመጁና ለድንጋዩ የነገሩት የሚነግሩት ሰው ስላጡ ነው። የምናደንቀው ውበት ከሰሚ እጦት የተወለደ ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን መስማትን ሥርዓት ማድረግ አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ የሲንቄ ሥርዓት ያገባች ሴት ስትበደል የምታሰማው ጩኸት አለ። ያንን ጩኸት የሰማች ሴት «አልሰማሁም» ማለት አትችልም፤ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ ሌሎቹም ይወጣሉ። በደሉ ሳይካስ፣ ዕርቅ ሳይወርድ ወደየቤታቸው አይመለሱም። በሰባት ቤት ጉራጌም በቃል ሲወርድ የመጣው የየቃቄ ውርድወት ታሪክ አለ። ይህች የ19ኛው መቶ ዘመን ሴት በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ ሥርዓቱ ከሽማግሌዎች ጋር ተከራክራለች። በሁለቱም ዘንድ ቁም ነገሩ አንድ ነው። መስማት ለሰሚው ፈቃድ የተተወ አልነበረም። ጩኸቱ ግዴታ ያመጣ ነበር።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲገቡ የመጡት አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። በምጥ ብዛት የፊስቱላ ጉዳት ደርሶባቸው፣ ሽንት እየፈሰሳቸው ከሰው የተገለሉ ሴቶች ግን ወደ እነርሱ ይመጡ ጀመር። እነርሱም የመጡበትን ዕቅድ ከእነዚህ ሴቶች ችግር ጋር አስተካከሉ። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1974 ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የሚያስተምረኝ ነው። ቁስሉ ቢዘጋም ሴትየዋ ወደ ሰው መካከል በክብር መመለስ እንደሚያስፈልጋት ተረዱ፤ ስለዚህ ድና ስትሄድ አዲስ ልብስ ታገኛለች። ሁሉም እንደማይድኑ ተረዱ፤ ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተቋቋመ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዳኑት ታካሚዎች ራሳቸው በአስታማሚነት ተቀጠሩ። እንደ ታካሚ የገባችው ማሚቱ ጋሼ መደበኛ ትምህርት ሳትማር አልጋ ከማንጠፍ ተነሥታ የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። አዲስ የመጣችው ሴት በአልጋዋ ጎን ያንኑ ሽታ፣ ያንኑ ኀፍረት፣ ያንኑ ብቸኝነት የምታውቅ ሴት ስታገኝ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋትም። የሰሙትን ወደ ሥራ መለወጥ ማለት ይህ ነው።

ማዳመጥ ከአልጋ አልፎ እስከ ሕግ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ የሕግ ምክር አገልግሎቱ ብዙ ሴቶችን ሰምቷል። የእያንዳንዷ ጉዳይ ለየብቻው ሲታይ የአንድ ቤት ገመና ነበር፤ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን የሕጉ ጉድለት ሆኖ ታየ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። ማኅበሩና ሌሎች ከወተወቱ በኋላ፣ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው፤ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከተጠያቂነት አያድንም አለ። በአንጻሩ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በመብት ሥራ ላይ የተሠማሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ሲከለክል የማኅበሩ አገልግሎት ክፉኛ ተዳከመ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ጆሮ በአዋጅም ሊደፈን እንደሚችል እንግዲህ አይተናል።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነጥብ ልምጣ። መስማት ሁሉ በጎ አይደለም። ወስዶ የሚሄድ መስማት አለ። በ1989 ዓ.ም. በአርሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ስለ ገደለችው ልጅ ብዙዎቻችን እናውቃለን። የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራስን መከላከል ነው ብሎ ነጻ አወጣት። እ.ኤ.አ. በ2014 ታሪኳን መነሻ ያደረገው «ድፍረት» የተባለው ፊልም በብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ታዳሚው ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። የከሰሰችው ራሷ ባለታሪኳ ነበረች፤ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ። ክርክሩ በኋላ ቢቋጭም ጥያቄው አልተቋጨም። ፊልሙ የቆመው ለእርሷ ነበር፤ ሠሪዎቹም ክፉ ሐሳብ ነበራቸው ብዬ አላምንም። ግን ስለ አንዲት ሴት መናገርና እርሷን መስማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ምሽት በአዳራሹ የተቀመጠ ሁሉ ተማረ።

ይህ ነገር በየእርዳታ ድርጅቱ ጽሕፈት ቤት በትንሹ ይደገማል። ሴትየዋ ታሪኳን ትናገራለች፤ ታሪኩ ከፎቶግራፍ ጋር በዓመታዊው ሪፖርት ላይ ይወጣል፤ ሪፖርቱ ገንዘብ ያመጣል። እርሷ ግን ገጹን አታየውም፤ ቢያሳዩአትም በማታነበው ቋንቋ ነው። እኛም ጸሐፊዎች ከዚህ አናመልጥም። ደራሲ ይሰማል፤ ሰምቶም ይሄዳል። አገልግሎት ግን ሰምቶ መሄድ አይችልም፤ ሰምቶ መቆየት አለበት። ታሪኳ የእርሷ ንብረት ነው። ለሕክምና የተናገረችው ለሕክምና ነው፤ ለሌላ ከተፈለገ ድጋሚ መጠየቅ፣ እምቢ ብትልም አገልግሎቱን ሳታጣ እምቢ ማለት መቻል አለባት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ሴትየዋ አንድ ጊዜ፣ በሠለጠነች ሴት ፊት፣ በምታስብበት ቋንቋ፣ በር ባለው ክፍል ውስጥ በደንብ ትሰማ፤ ቃሏም በፈቃዷ ወደሚቀጥለው ሰው ይተላለፍ። አስተርጓሚዋ ባሏ ወይም ልጇ አይሁን። ይህ ሊሆን አይችልም የሚል ካለ የሕፃናቱን ችሎት ይመልከት። በአዲስ አበባ ጥቃት የደረሰበት ሕፃን ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኝ፣ በሌላ ክፍል ሆኖ፣ በቴሌቪዥን መስመርና በባለሙያ በኩል እየተጠየቀ የሚመሰክርበት አሠራር አለ። ለልጅ የተቻለው ለእናቱ ለምን ያቅታል?

ጊዜም ይሰጣት። የቡና ሥርዓታችን ይህን ያውቃል። በአቦል ጨዋታው የሰላምታ ነው፤ በቶና ስለ ኑሮ ውድነቱ ይወራል፤ የሆድ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በበረካው ነው። ቅጾቻችን ግን በአቦሉ «ዋናውን ነገር ንገሪን» ይላሉ። የጠቀስኩት ጥናት እርዳታ የፈለጉት ሴቶች በብዛት የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ መሆኑን ያሳያል፤ ወደ ፖሊስና ወደ ሐኪም የሄዱት ጥቂቶች ናቸው። እንግዲያስ የመጀመሪያው ሰሚ በመንደሩ ውስጥ ነው ያለው። እድሩ፣ የንስሐ አባቱ፣ ሼሁ፣ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ቻይው፣ ትዳር ነው» ከማለት በፊት እንዴት እንደሚሰሙና ወዴት እንደሚልኩ ቢያውቁ ከአንድ አዲስ ሕንፃ የበለጠ ይጠቅማል።

ደግሞም አገልግሎቱ ስለ ራሱ ይስማ። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለውን የአስተያየት መስጫ ሣጥን አይታችሁታል። መጻፍ የማትችል ሴት ምን ትጨምርበት? የምትችለውስ ብትሆን ቁልፉ በማን እጅ ነው? «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የተባለው ለዚህ ነው። ሰው ስለ እርሱ የሚባለውን ከሁሉ በኋላ ይሰማል፤ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ። መጠለያውን ለቅቀው የሄዱትን ሴቶች ከሦስት ወር በኋላ ፈልጎ «የቱ ጠቀማችሁ? የቱ ጎዳችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከእነርሱም መካከል በውሳኔ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይገባል። ለምስክርነት መድረክ ብቻ አይጠሩ፤ በጀቱ በሚከፈልበት ጠረጴዛ ይቀመጡ። ቀኑን ሙሉ የሰው መከራ ሲሰሙ የሚውሉትን አማካሪዎችም የሚሰማ ሰው ይኑር፤ የሞላ እንስራ ሌላ ውኃ አይቀበልምና።

«ማዳመጥ ሆድ አይሞላም» የሚሉኝ አይጠፉም። ሠራተኛው ጥቂት፣ ወረፋው ረጅም፣ በጀቱ ቀጭን መሆኑን አውቃለሁ። ዳቦ ለሌላት ሴት ጆሮ ብቻ መስጠት ፌዝ ነው። ነገር ግን ሳይሰሙ የሚሰጡት ዳቦም ይባክናል። በንግድ ያደገችውን ሴት የልብስ ስፌት አስተምረን፣ መኪናውን ሰጥተን ስንሸኛት፣ እርሷ መኪናውን ሸጣ ወደ ጉሊቷ ትመለሳለች። አስቀድመን ብንጠይቃት ኖሮ የምትፈልገው የመነሻ ገንዘብና ልጇን የምታውልበት ቦታ መሆኑን በነገረችን ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚጠፋው አንድ ሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ከመድገም ያድናል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት አባቶች ስለ በጀትም የሚያውቁት ነገር ነበራቸው።

የመስማታችን መለኪያም አንድ ይመስለኛል። ከሰማን በኋላ ምን ለወጥን? ምንም ካልለወጥን ጆሯችንን ዳባ አልብሰን ነው የቆየነው፤ የያዝነው ማስታወሻ ደብተር ቢሞላም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» በሚባልበት አገር፣ ለቃል ከልጅ የበለጠ ዋጋ እንሰጣለን በምንልበት አገር፣ የሴት ቃል በየቢሮው መሳቢያ ውስጥ ሲጠፋ ዝም ልንል አይገባንም። እርሷ አቤት ብላለች። አሁን አቤት ማለት የእኛ ተራ ነው።

ቸር ያሰማን።